ስለ ቆዩ መኖሪያ ቤቶች ምርመራ ከበቆጂ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአርሲ ደጋ ከተሞች የከተማ ፕላንን፣ የቤትና የንብረት ግምትን፣ የባህልና የቅርስ ጥበቃን ሥራ በአደራ ተቀብላችሁ ለምትመሩ ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፤

በጭላሎና በካካ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ከተቀመጠችው ከበቆጂ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ የግል ጥቅም ፍለጋ ወይም ማንንም የማሳጣት መሻት አይደለም፤ የቆየ መኖሪያ ቤት «ቅርስ ነው» ወይም «ቅርስ አይደለም» የሚባልበት ልማድ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ በዚሁ ልማድ ምክንያት ዳግመኛ የማይገኝ የእጅ ሥራ ከዓይናችን ሥር እየጠፋ መሄዱን ሳይ ዝም ማለት የማይገባ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ነገሩን በአንድ ቤት ልግለጸው። በዞናችን ካሉት ከተሞች በአንዲቱ፣ ሐሳቤ ማቃናት እንጂ መክሰስ ስላልሆነ የከተማዋንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም በማልጠራት ከተማ፣ መንገድ ለማስፋት ሲታቀድ በመስመሩ ላይ የነበሩት ቤቶች ሁሉ ተመዘገቡ። መዝጋቢው በያዘው ቅጽ ላይ የይዞታው ስፋት፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የጣራው ዓይነት፣ ቤቱ ያገለገለበትም ዘመን በየተራው ተሞልቶ፣ በመጨረሻ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ሥር «አሮጌ የጭቃ ቤት፤ የቅርስነት ዋጋ የለውም» የሚል አንድ መስመር ተጻፈ። ቤቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበርና ባለቤቲቱን ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ መዝጋቢው ከበረንዳው አልፎ እንዳልገባ፣ ጣራውን ከደጅ ሆኖ አይቶ፣ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ መታ መታ አድርጎ እንደ ሄደ ነገሩኝ። ካሳው በደንቡ መሠረት ተከፍሏቸዋል፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቤቱ ግን ከጧት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ፈረሰ፤ ምሰሶዎቹም ለማገዶ ተሸጡ።

ያ ቤት ምን እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድም ወረቀት ስለሌለ፣ ያየሁትን በዚህ ላስፍር። ግድግዳው በእርግጥ ጭቃ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ቋሚዎቹ ከጥድ የተመረጡ፣ ማገሩ በልጥ የታሰረ፣ ጭቃው ከገብስ ጭድ ጋር ተቦክቶ ከከረመ በኋላ የተመረገ፣ ላዩም በእበትና በነጭ አፈር የተለሰነ ስለ ነበረ፣ የደጋችን የሐምሌ ዝናብና የኅዳር ውርጭ ለብዙ ዘመን ቢፈራረቁበትም ግድግዳው አልጎበጠም ነበር። የበረንዳው ምሰሶዎች ከአግዳሚው ጋር የተያያዙት በሚስማር አልነበረም፤ የምሰሶው ራስ ቀጥኖ ተቀርጾ፣ በአግዳሚው ውስጥ በተፈለፈለው ቀዳዳ ገብቶ፣ ከጎን በወይራ ሽብልቅ ተቆልፎ ነበርና፣ እንጨቱ በክረምት እርጥበት ሲያብጥ መጋጠሚያው ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ አልፎ የወጣው ዝናቡ ምርጊቱን እንዳያጥበው ታስቦ ነው። በክፈፉ ጠርዝ ላይ በመጋዝ የተጠለፈው ጣውላ ደግሞ በብራና መጻሕፍት ራስ ላይ የሚሣለውን ሐረግ የሚያሳስብ ሆኖ፣ በአዲስ አበባ በጥንቶቹ የመኳንንት ቤቶች በረንዳ ላይ የሚታየውን፣ የህንድና የአርመን ጠቢባን ከአገራችን አናጢዎች ጋር ያስፋፉትን ጥበብ፣ አንድ የደጋ አናጢ ከአገሩ እንጨትና ከአገሩ አየር ጋር አስማምቶ እንደ ሠራው በግልጽ ያሳይ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገቡ የእልፍኙ ጣራ በአቡጀዲ ተወጥሮ፣ መስኮቶቹም ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለ ተከፈቱ፣ የጧት ፀሐይ እስከ ምድጃው ትደርስ ነበር። የአናጢውን ስምና የመጣበትን አገር ባለቤቲቱ ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው አላየሁም። መዝጋቢው የተላከበትን ፈጽሟል፤ የተላከው ግን ካሳ ለመተመን እንጂ ስለ ሥነ ሕንፃ ፍርድ ለመስጠት አልነበረም። የካሳ ገማች የሚጠይቀው፣ ይህን የሚያህል ቤት ዛሬ ለመሥራት ምን ያህል ብር ይፈጃል፣ ከዚያስ ላይ በእርጅና ምክንያት ምን ይቀነሳል የሚለውን ነው፤ በዚህ ሚዛን ጭቃ ከብሎኬት፣ አሮጌውም ከአዲሱ ማነሱ የታወቀ ነው። የሥነ ሕንፃ መርማሪ ግን ቤቱን ማን ሠራው፣ እንዴት ሠራው፣ ክፍሎቹ ስለ ምን እንዲህ ተከፈሉ፣ በአካባቢው እርሱን የመሰለ ስንት ቀረ፣ ከመጀመሪያው አካሉስ ምን ያህሉ ዛሬ አለ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በግምቱ መዝገብ ላይ ዋጋ የሚቀንሱት ዕድሜና የእጅ ሥራ፣ በዚህኛው መዝገብ ዋጋ የሚጨምሩ ናቸው። ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ሰው፣ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ቀን እንዲመለሱ በተደረገ ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚቀር መሆኑን ከላይ የጠቀስኩት ቤት አሳይቶናል።

ሕጉ ራሱ እንዲህ ያለውን ቤት የሚንቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን እንዲንከባከብ ኃላፊነት ጥሎበታል፤ በአንቀጽ 91 ደግሞ ይህንኑ ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ሁሉ ላይ አድርጎታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ማለት ምን እንደ ሆነ ሲደነግግ፣ ሰው በፈጠራ ችሎታውና በጉልበቱ ያፈራውን፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን ሁሉ ያቅፋል፤ ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ መቅደስ ይሁን፣ ግድግዳውም የግድ ድንጋይ ይሁን አይልም። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶች በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ እንዲመደቡ መንገድ ስለ ከፈተ፣ ለመላው አገር አብነት የማይሆን ቤት ለክልሉ ወይም ለአካባቢው ታላቅ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል ማለት ነው። ጉድለቱ ያለው ከዚህ ቀደም ብሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው። ሕጉ የሚከላከልለት ቅርስነቱ ለታወቀው ነውና፣ ማንም ገብቶ ያላየውና በመዝገብ ያልሰፈረው ቤት ጠበቃ የለውም፤ ያልተመረመረው ሁሉ ተመርምሮ እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

ምርመራው ብዙ ወጪና ከውጭ አገር የሚመጣ ሊቅ ይፈልጋል የሚል አሳብ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ቤት ለሚያስተውል ሰው ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። የበሩ ሳንቃ በሁለት ሰው በሚሳብ መጋዝ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጥርሱ የተወው ምልክት ቀጥ ያለና ያልተስተካከለ መስመር ነው፤ ክብ ምላጭ ባለው የሞተር መጋዝ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ምልክቱ የቀስት ቅርጽ ይኖረዋል። ቀጥቃጭ በእጁ የሠራው ባለ አራት ማዕዘን ሚስማር ከፋብሪካው ክብ ሚስማር ይለያል። በመጥረቢያ የተጠረበ ምሰሶ ፊቱን በጣት ሲዳስሱት እርከን እርከን ነው። የቀለሙ ልባስ በአንድ ጥግ በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብሎ ቢፋቅ፣ ቤቱ በየዘመኑ የለበሰው ቀለም ተደራርቦ ይታያል። ይህን ሁሉ አንድ ጠንቃቃ ወጣት ሜትር፣ ባትሪ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ተሰጥቶት፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊጽፈው ይችላል።

ከዚህ ጋር በብርቱ የማሳስበው ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤትም በብዙ ስፍራ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ እልፍኙ በኮምፔርሳቶ ተጋርዶ፣ በረንዳው በጭቃ ተደፍኖ ክፍል ሆነ፣ በጓሮውም ማድቤት ተቀጠለ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለውን ቤት ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው «መልኩን አጥቷል» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ተጨምሮ ሊነሣ የሚችለውንና ተቆርጦ ሊመለስ የማይችለውን ለይቶ መጻፍ የመርማሪው የመጀመሪያ ግዴታ ነው። የኮምፔርሳቶው ግርዶሽ በግማሽ ቀን ይነሣል፤ የተደፈነውም በረንዳ ሲከፈት ምሰሶዎቹ በጭቃው ውስጥ ተጠብቀው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ምሰሶው ተቆርጦ፣ ጣራው ተቀይሮ፣ በሩ ተሽጦ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ «አልቋል» ቢባል እኔም አልከራከርም።

የቆየ ቤት ክብር ይገባዋል ስል የመኳንንቱን ቤት ብቻ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በአርሲ ምድር ባለ በረንዳው ሰፊ ቤት ለአንዱ የአባቱ መታሰቢያ ሲሆን፣ ለሌላው አባቱ እህሉን ተሸክሞ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣበት ደጅ ነው። የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ በኖረበት አገር፣ የቤትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የጭሰኛውንም ልጅ መጠየቅ አለበት፤ መልሱ የሚያሳዝን መሆኑም ቤቱን ከምስክርነት አያወጣውም። የአርሲ ኦሮሞ አረጋውያን በገዛ ቋንቋቸው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ተጠይቀው ቃላቸው እንደ ተናገሩት ይጻፍ እላለሁ። ክቡ የሣር ቤትም የራሱ የአሠራር ሥርዓት፣ የራሱ የምሰሶና የማገር ስሌት ያለው ሆኖ ሳለ፣ ሥነ ሕንፃ ሲባል ቆርቆሮ የለበሰው ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ምርመራው ከጅምሩ ጎደለ።

ደግሞም የሰውን ዝናና የቤትን አሠራር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተው በኦሊምፒክ አደባባይ የወርቅ ሜዳይ ተሸልመዋል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያደጉበት ጎጆ አሠራሩ እንደ ጎረቤቱ ቢሆንም ለታሪክ ይጠበቃል። በአንጻሩ ስሙ የማይታወቅ ገበሬ የኖረበት ቤት በአናጢው ጥበብ ብቻ ሊጠበቅ ይገባዋል። ሁለቱ ምክንያቶች በቅጹ ላይ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ አንዱ የለም ማለት ሌላውም የለም ማለት አይደለምና።

መኖሪያ ቤት በቅርስነት ይመርመር ማለት አዲስ ነገር አይደለም። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል። በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በቀይ አፈር የተለሰነው መደብ እርከን በእርከን የተሠራበት የሐረሪዎች ቤት፣ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር ተቈጥሮ ከተማዋ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ፣ ተራ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት የዓለም ሀብት ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተሰበሰቡ የሕንፃ ጥበቃ ሊቃውንት ባወጡት ቻርተር፣ በዘመን ብዛት ትርጉም ያገኙ ትሑታን ሥራዎችም ከታላላቆቹ ጋር እንዲጠበቁ ተስማምተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ አንድ ሕንፃ በአብዛኛው 50 ዓመት ከሞላው ለምርመራ ይበቃል ይላል፤ ታላቅነቱ፣ ከሰው ወይም ከድርጊት ጋር ያለው ግንኙነትና አካሉ ምን ያህል እንደ ተጠበቀ ከዚያ በኋላ ይመዘናል። ይህን የ50 ዓመት መለኪያ ለእኛ ብንወስደው፣ ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሰላና በአካባቢዋ ሲስፋፋ የተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች ሳይቀሩ ለምርመራ ደርሰዋል፤ የእርሻ መኪና መስፋፋት ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው ያስነሣበት ዘመን ስለ ሆነም ታሪኩ ሁለት ገጽ አለውና በጥንቃቄ ሊጻፍ ይገባል።

ከተማ አይስፋ፣ መንገድ አይሠራ አልልም። እኔም የምሄድበት መንገድ ጭቃ ነው፤ ልጆቼም ውኃ የሚደርስበት፣ መጸዳጃ ያለው ቤት ይገባቸዋል። አሮጌ ቤት ሁሉ ይቁም ማለትም የሚቻል አይደለም፤ ብዙው ቢፈርስ የሚጎዳን ነገር የለም፣ ጥቂቱ ግን ይጎዳናል፣ የትኛው ጥቂቱ እንደ ሆነም ሳያዩ ማወቅ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሯሯጠው ከፈረሰ በኋላ የሚቀር መዝገብ እንደሌለ ስለ ተረዳ ይመስለኛል። በዋና ከተማው እንኳ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ መጽሐፍ የሚጽፍ አይጠፋም፤ በእኛ ከተማ ግን ቤቱ ከሄደ ወሬውም ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

የባለቤቶችም ስጋት ሊታሰብ ይገባል። በብዙ ሰው ዘንድ «ቤትህ ቅርስ ነው» መባል እንደ እዳ ይቆጠራል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን ስለሚያዝዝ፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ ለአንድ ሚስማር ወደ አዲስ አበባ ልመላለስ ነው ብሎ የሚፈራ ባለቤት ያማረውን በረንዳ በሌሊት አፍርሶ ቢያድር አይደንቅም። ይኸው አዋጅ ግን የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊያግዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህንንም ለባለቤቶቹ የሚያስታውቅ ሰው አላየሁም። ግዴታው ብቻ የሚነገር ከሆነ ቤቱን የሚደብቀው ይበዛል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው። ዕድሜው 50 ዓመት ያለፈ መኖሪያ ቤት እንዲፈርስ ከመወሰኑ በፊት፣ ከካሳ ግምቱ ተለይቶ የሚሞላ የሥነ ሕንፃ ምርመራ ቅጽ ይኑር፤ መርማሪውም ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቶ የክፍሎቹን ልክ ወስዶ ንድፍ ያንሣ፣ የአሠራሩን ዝርዝር በፎቶግራፍ ያስቀር፣ ባለቤቱንና በአካባቢው ያሉትን አረጋውያን ጠይቆ የአናጢውንና የግንበኛውን ስም ይጻፍ። «ዋጋ የለውም» የሚል ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ባለቤቱም ሆነ ጎረቤቱ በዚያ ላይ አቤት የሚልበት በቂ ቀን ይሰጠው። ለዚህ ሥራ የሰው ኃይል የለንም እንዳትሉ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት፣ ከእኛም ቅርብ የሆነው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ቤት ለክተው ንድፍ ቢያነሡ ለእነርሱ ትምህርት፣ ለእናንተም መዝገብ ይሆናል፤ ጥያቄውን በደብዳቤ ማቅረብ ብቻ ከእናንተ ይጠበቃል። መፍረሱ የግድ ለሆነውም ቤት ቢያንስ የተቀረጸው ጣውላ፣ መዝጊያውና ምሰሶው ተነቅሎ በከተማው የባህል አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ይቀመጥ፤ ለማገዶ አይሸጥ። በመጨረሻም የእያንዳንዱ ምርመራ ቅጂ የከተማው ነዋሪ በሚደርስበት ስፍራ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይቀመጥ።

በበቆጂ አሮጌው ሰፈር፣ በአሰላም፣ በሌሎቹም የደጋ ከተሞች ዛሬም የቆሙ፣ ገና ማንም ያልገባባቸው ቤቶች አሉ። የመጪው ክረምት ዝናብ ከመግባቱ በፊት ምርመራው ቢጀመር፣ ከቤቶቹ መካከል የማውቃቸውን እየመራሁ ለማሳየት፣ ባለቤቶቻቸውንም ለማነጋገር ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ አረጋግጣለሁ። ምላሻችሁን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የበቆጂ ከተማ ነዋሪ